ከመሣሪያው በፊት ልኬቱ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎቴ በሳንባ ምች ታመው፣ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ አንድ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል በተኙ ጊዜ አስታማሚ ሆኜ ሦስት ሌሊት አድሬ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ተረኛው ሐኪም ሥራዬን ጠየቀኝ። «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ» አልሁት። እርሱም በክፍሉ ጥግ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ወደቆሙት ሁለት የመተንፈሻ መሣሪያዎች እያመለከተ፣ «እንግዲያው እነዚህ የእርስዎ ሕሙማን ናቸው፤ ከመጡ ጀምሮ አንድም ቀን አልተነፈሱም» አለኝ።

ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን አፈርሁ። በእርሱ ፈቃድ ጨርቁን ገልጬ ስመለከት፣ የአንደኛው የኦክስጅን ቱቦ ጫፍ ግድግዳው ላይ ካለው መሰኪያ ጋር አይገጥምም፤ የሁለተኛው የኦክስጅን መጠን የሚለካው ሴል የአገልግሎት ዘመኑ አልፎበታል። ሁለቱም ጉድለቶች ከመሣሪያዎቹ ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ ኢምንት ናቸው። እኔ የዶክትሬት ጥናቴን በውጭ አገር የሠራሁት ጋዞች ብርሃንን እንዴት እንደሚውጡ በሌዘር በመለካት ነው። ሆኖም በዚያች ሌሊት ማድረግ የቻልሁት ጨርቁን መልሼ ማልበስ ብቻ ነበር።

ከእኔ ይልቅ ለሕሙማኑ የጠቀመችው አንዲት ነርስ ነበረች፤ መሣሪያዋም የእጅ ሰዓትና እስክርቢቶ ነበር። በየሰዓቱ ከአጎቴ አልጋ አጠገብ ቆማ የደረታቸውን ከፍና ዝቅ ማለት እየቆጠረች ትመዘግባለች። በደቂቃ 24 የነበረው አተነፋፈሳቸው 28፣ ቀጥሎም 34 ሲደርስ ሐኪሙን ጠራችው። የኦክስጅኑ ፍሰት ከፍ ተደረገ፤ መድኃኒታቸውም ተለወጠ። አጎቴ ድነው ወጡ። በአጠገባቸው አልጋ የነበረው ወጣት ግን ሁለተኛውን ንጋት አላየም። ወደ እርሱ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

ይህን የምጽፈው ያን ሆስፒታል ለመውቀስ አይደለም። ለማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ለጽኑ ሕሙማን የሚደረግ እንክብካቤ ከሁሉ አስቀድሞ የልኬት ሥራ ነው። መሣሪያ የሚጠቅመው ልኬት ባለበት ብቻ ነው። ልኬት ደግሞ የእኛ የሳይንስ መምህራን ሙያ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ ነው ብለን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ አይገባንም።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንዴት ተወለደ?

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው የመሣሪያ ጋጋታ ነው። ታሪኩ የሚያስረዳን ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሀገን በልጅነት ልምሻ፣ ማለትም በፖሊዮ ወረርሽኝ ተመታች። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻን ጭምር ሽባ ያደርግ ስለነበር፣ መተንፈስ ያቃታቸው ሕሙማን ወደ ብሌግዳም ሆስፒታል ይጎርፉ ጀመር። ሆስፒታሉ የነበሩት አንድ «የብረት ሳንባ» እና በደረት ላይ የሚታሰሩ ስድስት አነስተኛ መሣሪያዎች ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእነዚህ መሣሪያዎች ከታከሙት 31 ሕሙማን መካከል 27ቱ ሞቱ።

በዚህ መካከል ሐኪሞቹን ያሳሳተ አንድ ቁጥር ነበር። በሕሙማኑ ደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዘት እጅግ ከፍ ብሎ ይለካ ነበር፤ ይህም ደሙ ባልታወቀ ምክንያት ወደ ቤዝነት አዘንብሏል ተብሎ ተተረጎመ። ለምክር የተጠራው የሰመመን ሐኪም ብዮርን ኢብሰን ግን ትርጉሙን አልተቀበለም። እንደ እርሱ አስተያየት ሕሙማኑ በበቂ ሁኔታ ስለማይተነፍሱ ጋዙ በደማቸው ተጠራቅሟል፤ ደሙም ቤዝ ሳይሆን አሲድ ሆኗል። የደሙ ፒኤች ሲለካ ኢብሰን ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ለፊዚክስ ተማሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአንድ እኩልታ ሁለት ያልታወቁ መጠኖችን ማግኘት አይቻልም። ጠቅላላው ይዘት ብቻውን ደሙ አሲድ ይሁን ቤዝ አይናገርም፤ ሁለተኛ ልኬት ያስፈልገዋል። ያ ሁለተኛ ልኬት ባልነበረ ጊዜ ሕሙማኑ ሐኪሞች እያዩአቸው በራሳቸው ትንፋሽ ታፍነው ይሞቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 1952 በአንዲት የ12 ዓመት ልጃገረድ ጉሮሮ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ገባላትና በእጅ በሚጨመቅ የጎማ ከረጢት አየር ይሰጣት ጀመር። ልጅቷ ተረፈች። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ሕሙማን የሚበቃ መሣሪያ ስላልነበረ፣ 1500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተተኩ ከረጢቱን ቀንና ሌሊት በእጃቸው ጨመቁ። ከ80 በመቶ በላይ የነበረው የሟቾች ድርሻ ወደ 40 በመቶ ገደማ ወረደ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ፖል አስትሩፕም በደም ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ከፒኤች ልኬት ለማስላት የሚያስችል ዘዴ ቀየሰ። ኢብሰን በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ በዚያው ከተማ በሌላ ሆስፒታል በዓለም የመጀመሪያው የሚባለውን ጽኑ ሕሙማን ክፍል አቋቋመ።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ይህ ሕክምና ሲወለድ በእጁ የነበረው የጎማ ከረጢት፣ የማይሰለች ሰውና በትክክል የተተረጎመ ልኬት ነበር። ውስብስቡ መሣሪያ የመጣው ኋላ ነው፤ የመጣውም የተማሪዎቹን እጅ ለማሳረፍ ነው።

ብርሃኑ የሚነግረንና የማይነግረን

ዛሬ በየሆስፒታሉ በሕመምተኛ ጣት ላይ የምትቆነጠጠውን ትንሽ መሣሪያ፣ ፐልስ ኦክሲሜትርን፣ ያላየ የለም። የምትሠራበትን መርህ ያገኘው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ኦክስጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢንና ያልተሸከመ ሄሞግሎቢን ብርሃንን የሚውጡት በተለያየ መጠን ነው። መሣሪያዋ በጣት ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ታሳልፋለች፤ አንደኛው 660 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃን፣ ሁለተኛው ደግሞ 940 ናኖሜትር ገደማ የሆነው፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው። ከዚያም በልብ ምት ልክ የሚዋዥቀውን ክፍል ብቻ ለይታ የሁለቱን ንጽጽር ትወስዳለች። ቆዳ፣ አጥንትና ሥጋ አይዋዥቁም፤ የሚዋዥቀው የደም ቧንቧ ደም ነው። እጅግ ያማረ ሐሳብ ነው!

ነገር ግን ንጽጽሩን ወደ ኦክስጅን ሙሌት የሚለውጠው ንጹሕ ቀመር አይደለም፤ ኦክስጅን ቀስ በቀስ እየተቀነሰላቸው ደማቸው ከተመረመረ ጤነኛ ፈቃደኞች የተገኘ ሠንጠረዥ ነው። ፈቃደኞቹን ለአደጋ ማጋለጥ ስለማይገባ ከ70 በመቶ በታች ያለው ንባብ ግምት ነው። ከዚህም በላይ፣ ሠንጠረዡ ከእነማን ቆዳ ተወሰደ? የሚለው ጥያቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እንዳመለከተው፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ እያነበበ የደም ምርመራው ግን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በነጮቹ ሕሙማን 3.6 በመቶ ጊዜ ሲሆን፣ በጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ጊዜ ነበር። ሜላኒን ብርሃንን ይውጣልና የቆዳ ቀለም በንባቡ ላይ ጣልቃ ይገባል። ይህ ለእኛ አገር አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ የራሱ ጣት ጉዳይ ነው።

ታዲያ መሣሪያውን እንጣለው? ፈጽሞ! ከሌለው የተሳሳተውን ከሚያውቁት ጋር መጠቀም ይሻላል። ማንኛውም የላቦራቶሪ መምህር የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ስሕተት የሌለበት መለኪያ የለም፤ አደገኛው ስሕተቱ የማይታወቅ መለኪያ ነው። አንድን ቁጥር ብቻ ከማመን ይልቅ ተከታታይ ንባቦችን መመልከት፣ ቁጥሩን ከአተነፋፈስ ቆጠራና ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር ማስተያየት፣ በተቻለ ጊዜም በደም ጋዝ ምርመራ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያቺ ነርስ በእጅ ሰዓቷ ስትቆጥር ሁለተኛውን እኩልታ እየጻፈች ነበር።

አየሩ ሲሳሳ

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ከፍታ ነው። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 575 ገደማ ነው። የምንተነፍሰው አየር በመተንፈሻ ቧንቧችን ውስጥ በውኃ ተን ሲሞላ 47ቱን ተኑ ይወስዳል። ከቀረው 21 በመቶው ኦክስጅን ነውና፣ በባሕር ጠለል የኦክስጅኑ ግፊት 150 ያህል ሲሆን በአዲስ አበባ 111 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከባሕር ጠለል የተቀዳ የሕክምና መመሪያና በባሕር ጠለል የተፈተነ መሣሪያ ወደ ደጋ ሲመጣ፣ ቁጥሮቹ እንዳሉ መወሰድ የለባቸውም።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ሰውም እንደ ቦታው መለያየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አማካይ የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህም በባሕር ጠለል ከሚኖር ጤነኛ ሰው ብዙም አይርቅም። ከቆላ የመጣ መንገደኛ በዚያው ከፍታ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር አይጠብቅም። እንግዲህ በዚህች አገር የዳሎል ዝቅታና የራስ ደጀን ከፍታ ባሉበት፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ «መደበኛ ቁጥር» ከውጭ መቀበል ምን ያህል ያዋጣል? ይህ ለተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ርእስ ነው፤ ውጤቱም በመደርደሪያ ላይ አይቀርም።

ሲሊንደሩ ስንት ሰዓት ያልቃል?

አሁን ወደዚያ ወጣት ልመለስ። ከአልጋው ራስጌ የቆመው ትልቁ ሲሊንደር ሲሞላ 6800 ሊትር ያህል ጋዝ የሚይዝ ነው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የግፊት ጠቋሚው ግማሽ ላይ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፍሰቱም በደቂቃ 10 ሊትር ነበር። ሙቀቱ ካልተለወጠ የጋዙ መጠን ከግፊቱ ጋር አብሮ እንደሚወርድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቃል። ግማሹ 3400 ሊትር ነው፤ ለ10 ሲካፈል 340 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ሲሊንደሩ ባዶ የሚሆነው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ነበር ማለት ነው።

ባዶ መሆኑ የታወቀው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍም በዚያ ሰዓት በግቢው ውስጥ አልነበረም። የወጣቱ ሞት ምክንያት ይህ ነው ለማለት ሐኪም አይደለሁምና አልደፍርም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ጠቋሚውን አይቼዋለሁ፤ ሒሳቡን ለዓመታት አስተምሬዋለሁ፤ ያን ምሽት ግን አላሰላሁትም። አጠገቤ የነበረው ቁጥር የእኔ ጉዳይ መስሎ አልታየኝም ነበርና።

የመሣሪያ ብዛትና የእንክብካቤ ጥራት

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ በኋላ፣ እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ እኛም ዘንድ ወሬው ስለ መተንፈሻ መሣሪያዎች ቁጥር ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ግምት ግን ከታማሚዎቹ 15 በመቶው ኦክስጅን፣ 5 በመቶው ደግሞ የጽኑ ሕሙማን ክትትል እንደሚያስፈልጋቸው የሚገልጽ ነበር። ማለትም ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ለሚገባ ለአንድ ሰው ኦክስጅን ብቻ የሚበቃቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 ታዳጊ አገሮች የሚገኙ ከ112 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ መርምሮ 38 በመቶ ያህሉ ከአገልግሎት ውጭ ሆነው አግኝቷቸዋል። በነጭ ጨርቅ የተሸፈኑት ሁለቱ መሣሪያዎች ብቻቸውን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2025 ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣው በ22 የአፍሪካ አገሮች የተካሄደ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። በሆስፒታል ከተኙት ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሕሙማን ከስምንቱ አንዱ በጽኑ የታመመ ነበር። ከእነዚህ መካከል 70 በመቶ ያህሉ የተኙት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳይሆን በተራው ክፍል ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መሠረታዊውን አስቸኳይ እንክብካቤ አላገኙም፤ ከአምስቱም አንዱ በሰባት ቀን ውስጥ ሞቷል።

መሠረታዊ እንክብካቤ የተባለው የረቀቀ ነገር አይደለም። የመተንፈሻ መንገድን ክፍት ማድረግ፣ ኦክስጅን መስጠት፣ በደም ሥር ፈሳሽ መተካትና የመሳሰለው ነው። ይህ ሁሉ ግን በጽኑ የታመመውን ካልታመመው መለየትን ይጠይቃል፤ መለየት ደግሞ መለካትን። ስለዚህ በእኔ እምነት፣ በጀት ጠባብ በሆነበት አገር ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው በአንድ ክፍል የሚቆም ውድ መሣሪያ ሳይሆን፣ በየአልጋው የሚደረስ ልኬትና የማይቋረጥ ኦክስጅን ነው። ይህ የመተንፈሻ መሣሪያ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ያለ እርሱ የማይተርፍ ሰው አለ። መሣሪያ ሲገዛ ወይም በልገሳ ሲመጣ ግን መሰኪያው ከግድግዳው ጋር መግጠሙ፣ መለዋወጫው መኖሩና የሚጠግነው ሰው መሠልጠኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

«ሆስፒታሎች የባዮሜዲካል መሐንዲሶች አሏቸው፤ የፊዚክስ ሰው በሰው ሙያ ምን ጥልቅ ያደርገዋል?» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ተማሪዎቻችን ከሕመምተኛ አጠገብ ያለ መሣሪያ እንዲነካኩ አልሻም፤ ጥገናውም ኃላፊነት ላለበት ባለሙያ የሚተው ነው። ነገር ግን የፍሰት መለኪያን ትክክለኛነት መፈተሽ፣ የግፊት ጠቋሚን ከሌላ ጠቋሚ ጋር ማስተያየት፣ የኦክሲሜትርን የብርሃን ምንጭ በስፔክትሮሜትር መመርመር የፊዚክስ ላቦራቶሪ ሥራ ነው። በእንሶስላ የተዋበ ጣት ወይም የጥፍር ቀለም ከሁለቱ ብርሃኖች የትኛውን ይበልጥ ይውጣል? ይህን ለመለካት ከፍተኛ በጀት አያስፈልግም።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በሁለተኛ ዓመት የላቦራቶሪ ትምህርታችን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሙከራዎች ከሆስፒታል የተወሰዱ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ የፊዚክስ፣ የባዮሜዲካል ምሕንድስናና የነርስነት ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ልኬት ስሕተት የሚማሩበት አጭር ኮርስ ይከፈት፤ የምንማማረው ከሁለቱም ወገን ይሆናል። ሦስተኛ፣ ትምህርት ክፍላችን በአቅራቢያው ካለ ሆስፒታል ጋር ተዋውሎ፣ የመለኪያዎችን ትክክለኛነት በዓመት ሁለት ጊዜ በነጻ ይፈትሽ። ከእነዚህ አንዱም አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

እኔ በበኩሌ በትንሹ ጀምሬአለሁ። ባለፈው ዓመት የሲሊንደሩን ነገር የፈተና ጥያቄ አድርጌ አቀረብሁት፤ የወጣቱን ታሪክ ግን አልነገርኋቸውም። አብዛኞቹ ተማሪዎች በትክክል ሠሩት። አንዲት ተማሪ ግን ከመልሷ ሥር ያልተጠየቀችውን አንድ መስመር ጨምራ ነበር፦ «ሲሊንደሩ የሚያልቀው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው፤ ተለዋጩ ግን ከ5 ሰዓት በፊት አልጋው ዘንድ መድረስ አለበት፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚያድርም ይጣራ።»

ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ቀሪውን ወረቀት ለማረም ግን ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።